ሥዕልና ጽሕፈት አብረው ይሂዱ

 

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተምሬ፣ አሁን በጫንጮ ትንንሾቹን አስተምራለሁ። ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በጎጃም መንገድ፣ ከሱሉልታ ከተማ አለፍ ብላ ትገኛለች። አገሩ የወተትና የድርቆሽ አገር ነው። ልጆቻችን እርሳስ ሲጨብጡ ቶሎ የሚመጣላቸው ላም መሣል ነው።

አንዳንድ ወላጅ ደብተሩን ገልጦ ላሟን ሲያይ ይቆጣል። «ደብተር የገዛሁልህ ልትጽፍበት ነው ወይስ ልትጫወትበት?» ይላል። እውነት ነው፤ ደብተር በገንዘብ ይገዛል። ነገር ግን ሥዕል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሥዕል እጅን ያለማምዳል። ፊደል ከቀጥታ መስመር፣ ከጎባጣ መስመርና ከክብ ይሠራል። «ለ»ን ተመልከቱ፤ ሁለት እግር አላት። «ሉ» በቀኝ ወገቧ ጭረት ታወጣለች። «ሊ» ጭረቱን ከቀኝ እግሯ ሥር ታደርጋለች። «ሌ» ደግሞ እዚያው ቀለበት ታስራለች። የጎጆ ክዳን፣ የበሬ ቀንድና የእንስራ አፍ የሣለ ልጅ እነዚህን መስመሮች አስቀድሞ ለምዷቸዋል።

ሁለተኛ፣ ሥዕል ሐሳብን ይሰበስባል። ባዶ ገጽ ሰጥታችሁ «ጻፍ» ብትሉት ልጁ ዝም ይላል። «ከሰሌዳው ገልብጥ» ብትሉት ይገለብጣል፤ የገለበጠውን ግን ላያውቀው ይችላል። ላም ከሣለ በኋላ «ይህች ላም የማን ናት? ምን ሆነች?» በሉት። «የእኛ ናት፤ ትናንት ወለደች» ይላችኋል። እንግዲህ የሚጻፍ ነገር ተገኘ!

በክፍል ውስጥ እንዲህ እናደርጋለን። ልጁ በመጀመሪያ ይሥላል። ቀጥሎ የሣለውን ለጓደኛው ይናገራል። ከዚያ መምህሩ የልጁን ቃል ከሥዕሉ ሥር ይጽፍለታል። ልጁ በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ከሥሩም ይገለብጣል። እያደር አንድ ቃል፣ ኋላም አንድ ዓረፍተ ነገር ራሱ ይጽፋል። ፊደል ቢያጎድል መጀመሪያ ምን ለማለት እንደፈለገ እንሰማዋለን፤ እርማቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከቅዱሳኑ ሥዕል አጠገብ ስማቸው ተጽፎ እናያለን። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳዩት የሸራ ሥዕሎችም ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች የተከፈሉ ናቸው፤ ታሪኩም በጽሑፍ ይገለጻል። ዓይን ሥዕሉን ያያል፤ ፊደሉንም አብሮ ይለምዳል።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልምጣ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ያን ጊዜ ኦሮምኛም የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል። ስለዚህ በእኛ አገር፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አባት በግእዝ ፊደል፣ ልጅ በቁቤ ሊያነቡ ይችላሉ። «ፊደሉን ስለማላውቀው ልጄን ላግዘው አልችልም» አትበሉ። ሥዕሉ ለሁለታችሁም አንድ ነው። ልጁ ላም ይሣል። እናንተ ከሥሩ «ላም» ብላችሁ ጻፉ። እሱ ከጎኑ «ሰአ» ብሎ በቁቤ ይጻፍ። ከዚያ አንዳችሁ ለሌላችሁ አንብቡ። በአንድ ሥዕል ሁለት ሰው ተማረ ማለት ነው።

ደብተሩ እንዳያልቅ ካሰባችሁም ዘዴ አለ። አሮጌ ካርቶን ቅደዱለት። የከሰል ስባሪ እርሳስ ይሆናል። እርድ በውኃ ሲበጠበጥ ቢጫ ቀለም ይወጣዋል፤ የቀይ ሥር ውኃም ቀይ ነው። ከጭቃ ፊደል መሥራት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ለዛሬ ማታ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በቀን የሠራችሁበትን አንድ ዕቃ ሣሉ፤ ማረሻም ቢሆን፣ ምጣድም ቢሆን። ከሥሩ ስሙን ጻፉ። «እጄ ሞፈር እንጂ እርሳስ አያውቅም» አትበሉ፤ ሞፈር ያቀና እጅ መስመር ማቅናት አያቅተውም። የሣላችሁትን ለልጃችሁ አሳዩ፤ የእሱንም «አሳየኝ፤ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። እንዲህ የተጠየቀ ልጅ ነገ ደብተሩን አይደብቅም፤ እየሮጠ ያመጣላችኋል።

በሉ፣ ደኅና ሁኑ!