ስለ ውሻ ባለቤት ኀላፊነት
(ለቀራንዮ አካባቢ ላም አርቢዎችና ገበሬዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ መኖ ወይም ስለ ዘር አይደለም፤ በየደጃችሁ ስላለው ውሻ ነው። ውሻ የሌለው በረት ለጅብም ለሌባም ክፍት ነውና ውሻ አታኑሩ የሚላችሁ የለም። ነገር ግን ከተማው ገብቶ አጥሩ ተጠጋግቷል፤ መንገደኛውም በየበሩ ያልፋል። ውሻው የናንተ ከሆነ የሚያደርሰውም ጉዳት የናንተ ዕዳ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በቁጥር 2071 ደንግጎታል። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው»፥ «ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ አያውቅም» ማለት በዳኛ ፊት አያድንም። የተነከሰው ሰው ራሱ አጥፍቶ እንደ ሆነ፥ ለምሳሌ የታሰረውን ውሻ በድንጋይ እየመታ አስቈጥቶት ከሆነ፥ ነገሩ ይለወጣል። ወተት ልትገዛ በበሩ የገባች የጎረቤት ልጅ ግን ምን ጥፋት አለባት?

ካሣው ከባድ ነው፤ ከርሱ የሚብሰው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰውን ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡለት፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ክትባቱን አያስቀር።

ውሻውን ግን በንዴት ገድላችሁ አትቅበሩት፤ ይህ የተለመደ ስሕተት ነው። አስራችሁ 10 ቀን አቆዩት። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፥ በነከሰበት ጊዜ ምራቁ በሽታውን አልያዘም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን አይጠብቅም። ውሻው ከሞተም ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ፤ በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነውና።

ላሞቻችሁንም አትርሱ። ለሃጯን እያዝረበረበች ያለ ልክ የምትጮኽ ላም ብታዩ፥ «ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ተሰንቅሮባት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን ወደ አፏ አትስደዱ። በሽታው በምራቅ ይተላለፋል።

እንግዲህ ውሻችሁን ቀን እሰሩት፤ ሌሊት ስትፈቱት አጥሩ ቀዳዳ እንደሌለው ተመልከቱ። ሦስት ወር ከሞላው ጀምሮ በየዓመቱ አስከትቡት፤ ወረቀቱንም በደንብ አኑሩት። ከካሣ ባያድናችሁም፥ ሰው የተነከሰ ዕለት ሐኪሙ ስለ ውሻው ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እርሱን ነው።