ቃሉ አንድ፣ ፈላጊው ብዙ፦ የፍለጋን ዓላማ በማሽን ስለ መመደብ



የዛሬው ንግግሬ ሰዎች በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ የሚጽፏቸውን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሐረጎች እንደ ፈላጊዎቹ ዓላማ በኮምፒዩተር መመደብን ይመለከታል። አንድሬ ብሮደር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ዓላማዎቹን በሦስት ከፍሏል፦ ለማወቅ፣ ወደ ታወቀ ድረ ገጽ ለመድረስ፣ አንድን ጉዳይ ለመፈጸም። እርሱ በእጅ የመደበው 400 ያህል ሐረግ ነበር። በ2008 ጃንሰን፣ ቡዝና ስፒንክ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሐረጎችን በማሽን መደቡ፤ ከመቶ 80 የሚበልጠውም ለማወቅ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። በሰው እጅ ከተመደበ ናሙና ጋር ሲመሳከር የማሽኑ ትክክለኛነት 74 ከመቶ ነበር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እንያቸው። ከመቶ 80ው ሐረግ በእርግጥ ለማወቅ የተጻፈ ከሆነ፣ አንዱንም ሳይመረምር ሁሉንም «ለማወቅ» ብሎ የሚሰይም ማሽን 80 ከመቶ ያገኛል። ጉዳይ ሊፈጽም ከመጣው ሰው ግን አንዱን እንኳ አይለይም።

የዚህን ጉዳት እዚሁ ሞጆ ላይ ማየት ይቻላል። «ሞጆ ደረቅ ወደብ» ብሎ የሚጽፈው ጥናት የያዘ ተማሪ፣ አቅጣጫ የሚጠይቅ ሹፌር፣ ወይም ኮንቴይነሩን የሚጠባበቅ አስመጪ ሊሆን ይችላል። አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጹን በእንዲህ ያለ ማሽን ውጤት ቢያደራጅ፣ አስመጪው የወደቡን ታሪክ ያነባል እንጂ ዕቃው መድረሱን የሚጠይቅበትን ገጽ አያገኝም። «የቆዳ ማለስለሻ» ለቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ኬሚካል ነው፤ ለሌላው የሰውነት ቅባት። «ናዝሬት»ም የአዳማ የቀድሞ ስም ነው፣ የወንጌሉም ከተማ።

በአማርኛ ደግሞ ዓላማው ብዙ ጊዜ በአንዲት ፊደል ላይ ያርፋል። «ከሞጆ ሐዋሳ» ብሎ የሚጽፈው ተጓዥ ሳይሆን አይቀርም። ቋንቋውን ለማሽን ስናዘጋጅ «ከ»ን፣ «ለ»ን፣ «የ»ን ከስሙ ላይ መግፈፍ ለምዶብናል። ይህ ሰነድ ለመፈለግ ይጠቅማል፤ ዓላማን ለመለየት ግን ምስክሩን ማጥፋት ነው። በአንጻሩ «ሐዋሳ»ንና «ሀዋሳ»ን ወደ አንድ ጽሕፈት ማምጣት ተገቢ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ናሙናውን ይመድቡ፤ እነርሱ ያልተስማሙበትን ከማሽን አንጠብቅ። ሁለተኛ፣ ትክክለኛነት በየምድቡ ይለካ እንጂ በድምሩ ብቻ አይታይ። ሦስተኛ፣ ማሽኑ «አልለየሁም» ማለት ይፈቀድለት፤ ያልለየውንም ሰው ይመልከተው።