ስለ ፔኒሲሊን መድኃኒት አወሳሰድ



ሻጋታ በእንጀራ ላይ ሲታይ ባለቤቲቱ ትጥለዋለች። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓመት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የሚባለው ሐኪም በለንደን ከተማ፥ ተሐዋስያን በሚያረባበት ሳሕን ላይ ሻጋታ በቅሎ፥ በዙሪያውም ያሉት ተሐዋስያን ጠፍተው አየ። የፔኒሲሊን መነሻው ይህ ነው።

በ1941 ዓመት በኦክስፎርድ ከተማ አንድ ፖሊስ ፊቱ መግሎ ለሞት በተቃረበ ጊዜ ይህ መድኃኒት ተሰጠው። በጥቂት ቀንም ትኵሳቱ በርዶለት መብላት ጀመረ። ነገር ግን መድኃኒቱ በዚያ ዘመን እጅግ ጥቂት ነበርና፥ ሐኪሞቹ ከሽንቱ እንኳ መልሰው እያጠሩ ቢሰጡት ሳይበቃ ቀረ፤ ሕመሙም አገርሽቶ ገደለው። ያ ሰው ያጣውን ቀሪ መድኃኒት ዛሬ ብዙ ሰው በገዛ እጁ ይተወዋል።

ተማሪ ጕሮሮውን ሲያመው ብዙ ጊዜ ከጕንፋን ወገን ነውና በራሱ ይለቀዋል፤ ፔኒሲሊንም በጕንፋን ላይ ኃይል የለውም። ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ተሐዋሲ የመጣ እንደ ሆነ ግን፥ ጕሮሮው ከዳነ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጕልበቱና ቍርጭምጭሚቱ ሊያብጥ፥ የልቡም በሮች ሊጐዱ ይችላሉ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም ነው። በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረለት ልቡ ይጠበቃል፤ ይኸውም አንድ ጊዜ በሚወጋ መርፌ፥ ወይም 10 ቀን ሙሉ በሚዋጥ ፔኒሲሊን ነው። እንጥል ማስቈረጥ ደም ያፈሳል እንጂ ልብን አያድንም።

በ3ኛው ቀን ልጁ ምግብ መዋጥ ሲችል፥ እናቱ የተረፈውን ክኒን ለታናሹ ብላ በጨርቅ ትቋጥራለች። ቍጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን ትኵሳቱ ጠፋ ማለት ተሐዋሲው አለቀ ማለት አይደለም። መምህሩ ልጁ ወደ ትምህርት ሲመለስ ስለ ክኒኑ ቢጠይቀው መልካም ነው።

ፔኒሲሊን የማይስማማውም ሰው አለ። ሽፍታ የወጣበት ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ ፊቱና ምላሱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ግን በደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላልና በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ስለዚህ ከገበያ መርፌ ወጊ መራቅ ይገባል፤ በጤና ጣቢያ የተወጋም ወዲያው መንገድ አይጀምር።

ልቡ አስቀድሞ የተጐዳ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመት ይወጋል። መምህሩም ያን ቀን እንደ ቀሪ አይቍጠርበት።