ሥዕሉ ሲቆም የሚናገረው ድምፅ



ለሕፃናት የሚዘጋጅ የካርቱን ፊልም ተራ ጨዋታ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ከጀርባው የገንዘብ፣ የጊዜና የቋንቋ ጥያቄ አለ። የዚህ ንግግር ዓላማ ጥያቄውን ከሐና-ባርቤራ ስቱዲዮ ታሪክ አንሥቶ በከሚሴ የመማሪያ ክፍል እስከ ተቀመጠው ሕፃን ድረስ መከታተል ነው።

ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉት አሜሪካውያን «ቶምና ጄሪ»ን የፈጠሩት እ.ኤ.አ. በ1940 ነበር። ድመቱና አይጡ እምብዛም አይነጋገሩም፤ ነገሩ ሁሉ በእንቅስቃሴ ስለሚገለጽ የየትኛውም አገር ሕፃን ያለ አስተርጓሚ ይስቃል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚያሳልፍ፣ ሰባት ደቂቃ ለሚፈጅ ታሪክ ከ10,000 በላይ ምስል መነሣት አለበት። ኤም.ጂ.ኤም. የተባለው ኩባንያ የካርቱን ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ1957 በዘጋ ጊዜ ሁለቱ ባልደረቦች የራሳቸውን ስቱዲዮ አቋቁመው ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥን መለሱ።

የቴሌቪዥን ክፍያ ግን ከሲኒማው እጅግ ያነሰ ስለ ነበር፣ ቁጠባን የሙያ ዘዴ አደረጉት። ዮጊ የተባለው ድብ ኮሌታና ከረባት ያደረገው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ኮሌታው ራሱን ከአካሉ ስለሚለይ፣ አካሉ እንደ ቆመ ራሱን ብቻ ደጋግሞ ለመሣል ያመች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የቀረበው «ፍሊንትስቶንስ»ም ሆነ በ1969 የተከተለው «ስኩቢ-ዱ» የዚሁ ዘዴ ፍሬዎች ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች ሥዕሉ ያጎደለውን ድምፅ ይሞላዋል፤ ቀልዱም ታሪኩም በአብዛኛው በንግግር ይተላለፋል። በመሆኑም ቋንቋውን ለማያውቅ ሕፃን የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው።

በአገራችን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ልጆች «አባባ ተስፋዬ» የሚሏቸው ተስፋዬ ሣህሉ ለአያሌ ዓመታት ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን በአዲስ አበባ መሠረቱ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው ዝግጅታቸው ዋና ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ ናት። ሥራው በእጅ በሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ተጀመረ። እዚህም አቅም ትንሽ ነበር፤ ንግግሩ ግን ሕፃኑ በሚያውቀው ቋንቋ ሆነ። በመጀመሪያ በአማርኛ የቀረበው ዝግጅት በኋላ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ተዘጋጅቷል።

የነገሩ ክብደት በከሚሴ ጎልቶ ይታያል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ ጽሕፈቱም በላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ደግሞ በራሱ ፊደል ይከተላል። ሁለት ቋንቋና ሁለት ፊደል የሚጠብቀው ሕፃን ድምፁን ካልተረዳው፣ የምትናገረው ቀጭኔ ለእርሱ አፏን የምታንቀሳቅስ አሻንጉሊት ብቻ ሆና ትቀራለች።

እንግዲህ መምህሩ ፊልም ለልጆች ከማሳየቱ አስቀድሞ ድምፁን ዘግቶ ለብቻው ይመልከተው። ያለ ድምፅ የሚገባ ከሆነ እንዳለ ያሳያቸው። የማይገባ ከሆነ ግን በየመካከሉ እያቆመ ታሪኩን ልጆቹ በቤታቸው በሚነጋገሩበት ቋንቋ ይንገራቸው፤ ከዚያም መልሰው እንዲነግሩት ይጠይቃቸው። ስቱዲዮ ሥዕልን ሊቆጥብ ይችላል፤ መምህር ግን ቃልን ሊቆጥብ አይገባውም።