ንብረቱ ባለበት አገር የሚሰማ ኑዛዜ

(በሕግ ትምህርት ቤት ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በሁለት አገር ንብረት ያለው ሰው ኑዛዜውን እንዴት ቢያደርግ ፈቃዱ በሁለቱም አገር ይከበርለታል? ጥያቄው በአንድ ወቅት የጥቂት ነጋዴዎችና ዲፕሎማቶች ጉዳይ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ እግራቸው እዚህ፣ ሌላው ባሕር ማዶ የሆነ ቤተሰቦች ሁሉ ጥያቄ ሆኗል።

«ኑዛዜ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍቺ አለው። ለነፍስ አባት የሚነገረውም፣ ለወራሽ የሚተወውም በአንድ ስም ይጠራል። የሟች የመጨረሻ ቃል በኅብረተሰባችን ዘንድ ታላቅ ክብር ያለው በከንቱ አይደለም። ሕግ ግን ቃሉን ከማክበሩ በፊት ቃሉ የተነገረበትን ሥርዓት ይመረምራል። ሥርዓቱ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ኑዛዜ የሚጻፈው ተናዛዡ ባለበት አገር ሊሆን ይችላል፤ መሰማት ያለበት ግን ንብረቱ ባለበት አገር ነው።

ለማስተማሪያ ያህል አንዲት ወይዘሮ እናስብ። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ቨርጂንያ ኖራለች፤ የአሜሪካ ዜግነትም አግኝታለች። እዚያ የመኖሪያ ቤት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ቤት አላት። አገራችን ጥምር ዜግነትን ስለማትፈቅድ፣ በሕግ ዓይን ለዚህች ሴት የውጭ አገር ንብረት የሚባለው የአዲስ አበባው ቤት ነው። ልቧ ግን ተቃራኒውን ይነግራታል። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው፤ «የአገሬ ቤት ነውና በአገር ልማድ ያልቃል» ብሎ ያስባል።

በመጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛ እንመልከት። መሬትና ቤት ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ሕግ ይገዛል የሚለው መርሕ በቨርጂንያም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ጽኑ ነው። በእኛ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስንና ኑዛዜን በዝርዝር ሲደነግግ፣ የሕጎች ግጭት የሚፈታበትን ክፍል ግን ሳያካትት ወጥቷል። በውጭ አገር ሥርዓት የተደረገ ኑዛዜ እዚህ የሚጸናው መቼ እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ በውስጡ አናገኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የውርስ ደንብ አንድ ሰው የዜግነቱ ሕግ ውርሱን እንዲገዛ በኑዛዜው እንዲመርጥ ፈቅዶለታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የተጻፈ ዋስትና የለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተናዛዥ ክፍተቱን በዳኛ ትርጓሜ ላይ ከመጣል ይልቅ የሁለቱንም አገር ሥርዓት አሟልቶ ማለፍ ይኖርበታል።

ሥርዓቱ ምን ይጠይቃል? በቨርጂንያ ተናዛዡ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርማል፤ ምስክሮቹም ይፈርማሉ። የሰነዱ ይዘት እንዲነበብላቸው ግን ሕጉ አያስገድድም። የእኛ ሕግ በአንቀጽ 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በራሱ በኑዛዜው ላይ እንዲገለጽ ያዝዛል። ይህ ካልተፈጸመ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ በውጭ አገር ያለ ውል አዋዋይ በዚህ አንቀጽ ይሸፈናል ወይ የሚለው ግን ማከራከሩ አይቀርም። ስለዚህ የቨርጂንያው ሰነድ ያለ አንዳች ጉድለት ተዘጋጅቶም በአዲስ አበባ ችሎት ሊወድቅ ይችላል።

በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ መፍትሔ መስሎ ይታያል። ቨርጂንያ ይቀበለዋል፤ እኛም ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ከተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ከተነገረ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ካለበት እንቀበለዋለን። ነገር ግን በአንቀጽ 903 መሠረት በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። በመሳቢያ ውስጥ ሰባት ዓመት ያለፈው ወረቀት የሟችን እጅ ጽሑፍ እንደያዘ ዋጋ ያጣል።

በስልክ የሚነገር ቃልስ? በቃል የሚደረግ ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈጸማል፤ ሆኖም ወሰኑ ጠባብ ነው። ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ መናገር ይቻላል። በሦስት ወር ውስጥም ይሻራል። ከሆስፒታል አልጋ «ቤቱ ለታናሿ ይሁን» የተባለ ቃል፣ ሁሉም ልጆች በጆሯቸው የሰሙት ቢሆን እንኳ፣ ቤቱን አያስተላልፍም።

ሁለት ወጥመዶችን ለይቼ ላሳይ። አንደኛው የጋራ ኑዛዜ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ ላይ አብረው መፈረማቸው የፍቅርና የመተማመን ምልክት ይመስላል። የእኛ ሕግ አንቀጽ 858 ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ያደረጉት ኑዛዜ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ኑዛዜ የአንድ ሰው ፈቃድ ነው፤ ሁለት ፈቃድ በአንድ ወረቀት አይታሰርም። ሁለተኛው ወጥመድ የመሻሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። አሜሪካ በሚዘጋጅ ኑዛዜ ላይ «ከዚህ በፊት ያደረግኋቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» የሚል ቃል እንደ ልማድ ይገባል። ያቺ ወይዘሮ ቀደም ብላ ስለ አዲስ አበባው ቤት በሥርዓቱ ተናዝዛ ከነበረ፣ የቨርጂንያውን ቤት ብቻ አስባ የፈረመችበት ይህ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ኑዛዜዋን ሊያፈርስባት ይችላል።

ወራሹም ሊታሰብበት ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 390 ጀምሮ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ከዚህ ክልከላ አውጥቷል፤ መብቱ የሚሠራው ግን በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው መታወቂያ ነው። ስለዚህ አሜሪካ የተወለደው ልጅ መታወቂያውን ወላጁ በሕይወት ሳለ ቢያወጣ ይመረጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምመክረው ለእያንዳንዱ አገር ንብረት የተለየ ኑዛዜ ማድረግን ነው። እያንዳንዱ ሰነድ በዚያው አገር ሥርዓት ይዘጋጅ፤ የትኛውን ንብረት ብቻ እንደሚመለከት ይናገር፤ በሌላው አገር ያለውን ኑዛዜ እንደማይሽር በግልጽ ይጻፍበት። ለተወላጆቹ የሚተወውን የሚያከፋፍል ተናዛዥ፣ አንዱን ልጅ ከውርስ ለመንቀል ከወሰነ፣ በእኛ ሕግ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ እንዳለበትም አይርሳ። የቨርጂንያ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ኑዛዜ እዚህ በቀጥታ ይፈጸምልኛል ብሎ መተማመንም አይገባም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 458 የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ሌላው አገርም የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ አድርጎ ይጠይቃል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈራሽ ኑዛዜ ከሚያስከትለው ሙግት ጀርባ ያሉት በአንድ ማዕድ ያደጉ ወንድምና እኅት ናቸው። አንዱ የእናቱን ቃል ይዞ ይቆማል፤ ሌላው ሕጉን ይዞ ይቆማል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። የሕግ አውጪው ክፍተቱን እስኪሞላ ድረስ፣ ይህን ሙግት አስቀድሞ የማስቀረቱ ኃላፊነት ምክር በሚሰጠው ባለሙያ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ነገ ጠበቃ ስትሆኑ ኑዛዜ ለማጻፍ የሚመጣን ሰው «ምን አለህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «የት የት አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።