ዕቃ ማጓጓዣው ሣጥን ቤት ሲሆን

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የምንናገርበት ነገር ኮንቴይነር የሚባለው ትልቅ የብረት ሣጥን ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ደግሞ ስለ ሣጥን ምን ይነገራል?» ብለው እንደ ሳቁ ሰምተናል። ሳቁ ግን አያስቀይመንም። ከቂርቆስ ዋና መንገድ ገባ ብሎ ፎቶ ኮፒ ያስነሣ፣ ስልኩን ያስጠገነ፣ የጀበና ቡና የጠጣ፣ ጎማ ያስለጠፈ ሰው ሁሉ፣ ሳያስተውለው ይሆናል እንጂ፣ በኮንቴይነር ደጃፍ ቆሟል። በካዛንቺስም እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ነበረ። የዚያን ጊዜውን የካዛንቺስን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የንግግራችን ዋና ጉዳይ እርሱ ነውና።

ይህ ሣጥን ዕድሜው ረዥም አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1956) ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ትልልቅ ሣጥኖችን «አይዲያል ኤክስ» በምትባል አሮጌ የነዳጅ መርከብ ላይ አስጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። የሰውየው ሐሳብ እጅግ ተራ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን ከመኪና አውርዶ፣ በሰው ጫንቃ አሸክሞ፣ እንደገና በመርከብ ሆድ ውስጥ ከመደርደር ይልቅ ሣጥኑን ከነዕቃው አንሥቶ ማስቀመጥ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቶን ዕቃ በሰው ጉልበት ለመጫን ወደ 6 ዶላር የሚጠጋ ወጪ ሲጠይቅ፣ በሣጥኑ ግን 16 ሳንቲም አልሞላም ይባላል። ከ1968 (በፈረንጆች) ጀምሮ ደግሞ መጠኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ተወሰነ፣ ሻንጋይ የተሠራው ሣጥን ጅቡቲ ባለው ክሬንም፣ ሞጆ ባለው ተሳቢም ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል።

ወደ እኛ አገር የሚመጣበትም መንገድ ግልጽ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። ከዚያም በመኪና ወይም በባቡር ተጉዞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። የምናስገባው ከምናወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ሙሉ ሆኖ ከመጣው ሣጥን ብዙው ባዶውን ይመለሳል። በመርከብ ለመጓዝ ያረጀው ወይም ባለቤቱ የሸጠው ግን እዚሁ ይቀርና ሁለተኛ ሕይወት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈር ስሞች አንዲት ነገር ብንጨምር አትቀየሙንም። ለገሀር የሚለው ስም የመጣው ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያ ከሚሉበት ቃል ነው። ካዛንቺስ የሚለው ደግሞ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከሚባለው ድርጅታቸው ስም የወጣ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤት ማለት ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ ጎተራ አለ። ጎተራ ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መተርጐም አያስፈልግም። እንግዲህ ጣቢያ፣ ቤትና ጎተራ በአንድ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። ኮንቴይነሩ ሦስቱንም ሥራ በየተራ መሥራቱ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ያስደስተናል።

አሁን ወደ ሣጥኑ ሁለተኛ ሕይወት እንግባ። በየሰፈሩ እየዞርን ባየንባቸው ቀናት ከሁሉ በላይ ያስደነቀን የበያጆቹ ብልሃት ነው። ባለ 20 ጫማው ሣጥን ርዝመቱ 6 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ44፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ59 ነው። ውስጡ 14 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። የራሱ በር በጠባቡ ወገን ስለሆነ፣ እንዳለ ቢቀመጥ ደንበኛው ዋሻ የሚገባ ይመስለዋል። ስለዚህ በያጁ ረዥሙን ወገን በመንገዱ ትይዩ ያስቀምጥና ከወገብ በላይ ያለውን ላሜራ ይቆርጠዋል። ነገር ግን ቁራጩን አይጥለውም። በላይኛው ጠርዝ ማጠፊያ በይዶ ያንጠለጥለዋል። ጠዋት በሁለት ብረት ተደግፎ ወደ ላይ ሲነሣ ለደንበኛው ጥላ ይሆናል፤ ማታ ሲወርድ መዝጊያ ይሆናል። ከታች የቀረው ግድግዳ ላይ ጣውላ ሲጋደምበት ባንኮኒ ተገኘ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የተነደፈ ፕላን የለም፤ የምሕንድስና ትምህርት ክፍልም አላስተማረውም። ይሁንና አንዲት ቁራጭ ሁለት አገልግሎት ስትሰጥ በዓይናችን አይተናል።

አንዱን ሣጥን በመሐል ከፍለው ግማሹን ጸጉር ቤት፣ ግማሹን የልብስ ስፌት ያደረጉም አሉ። በግንባታ ቦታዎች አንደኛው ሣጥን የሲሚንቶና የፌሮ መጋዘን፣ ሌላው የመሐንዲሱ ቢሮ፣ ሦስተኛው የዘበኛው ማደሪያ ሆኖ ይታያል። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ሥራ የጀመሩ ወጣቶችም ብዙዎቹ የመጀመሪያ ሱቃቸው ይኸው ሣጥን ነበረ። ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ዘዴ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜሉ ምጣድና ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪና ጎማው በርባሶ ጫማ ሲሆን ኖሯል። ኮንቴይነሩ የምናለሽ ተራ ትልቁ ልጅ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ነገር ግን ማሞገስ ብቻ ለተማሪ አይበቃውምና ጉድለቱንም እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ የሣጥኑ ኃይል በአራቱ የማዕዘን ምሰሶዎች ላይ ነው። ሙሉ ሣጥኖች በመርከብ ላይ ተደራርበው የሚቆሙት በእነርሱ ነው። ግድግዳው ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ላሜራ ሲሆን፣ ጥንካሬውን ያገኘው እንደ ቆርቆሮ በመታጠፉ ነው። ስለዚህ መስኮት መቁረጥ ይቻላል፤ ዙሪያውን በብረት ክፈፍ ሳያጠናክሩ ረዥሙን ግድግዳ በሙሉ ማውጣት ግን ጣሪያውን ያጎብጠዋል። ሁለት ሣጥን አጣምሮ አዳራሽ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ሁለተኛው የሙቀትና የብርድ ነገር ነው። ብረት ሙቀትን ቶሎ ይቀበላል፤ ቶሎም ይለቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቀን ፀሐይዋ ትለበልባለች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ አጥንት ይሰብራል። በዚህም ምክንያት ሣጥኑ ቀትር ላይ ምድጃ፣ ሌሊት ማቀዝቀዣ ይሆናል። ንጋት ላይ የሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ይኸ ቤት ያልበዋል» ብለውናል። ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ማብራሪያ በክፍል ውስጥ አልሰማንም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከጣሪያው በላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ትቶ ሁለተኛ የቆርቆሮ ጣሪያ ማቆም ይቻላል፤ ጥላ ይሆናል፣ ነፋስም በመካከል ያልፋል። በሁለቱ ጠባብ ወገኖች ከፍ ብሎ ትይዩ መስኮት ማውጣት ያስፈልጋል። ከውስጥ ችፑድ ማልበስ ይጠቅማል፤ በችፑዱና በላሜራው መካከል ሙቀት የሚከለክል ነገር ካልገባ ግን ጥቅሙ ግማሽ ነው። በእኛ በኩል አንድ ሌላ ሐሳብ እናቀርባለን። የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በምዕራቡ ወገን፣ ከላሜራው አንድ ስንዝር ርቆ፣ አያቶቻችን የሚያውቁትን በጭድ የተቦካ የጭቃ ግድግዳ ማቆም ነው። ጭቃው የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት በዝግታ ይለቃል፤ ስንዝሩ ክፍተት ደግሞ እርጥበት ወደ ብረቱ እንዳይደርስ ይከላከላል። የምዕራብ አገር መጻሕፍት የሚመክሩትን ውድ መሸፈኛ ገዝቶ ማስመጣት ለማይችል ሰው ይህ ሊሞከር የሚገባው ነው።

ሦስተኛው የሕይወት ነገር ስለሆነ ጠንከር አድርገን እንናገረዋለን። የሣጥኑ ትልቁ በር የሚቆለፈው ከውጭ ብቻ ነው። በውስጡ የሚያድር ሰው ካለ ከውስጥ የሚከፈት ሌላ በር ሊኖረው ግድ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ዘግቶ መተኛት ገዳይ ነው፤ ጢሱ ባይታይም መርዙ አለ። መላ አካሉ ብረት ስለሆነ አንድ የተላጠ ሽቦ ቤቱን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል፤ ወደ መሬት የሚወርድ መስመር ያልተሠራለት ኮንቴይነር መብራት ባይገባለት ይሻላል። ወለሉም ቢሆን በጉዞ ላይ ነፍሳት እንዳይበሉት ፀረ ተባይ የተነከረ ጣውላ ስለሆነ፣ ሕፃን የሚድህበት ከሆነ መለወጥ ወይም በደንብ መሸፈን አለበት።

እንግዲህ የሌላው ዓለም ሥራ ምን ይመስላል ቢባል፣ በአምስተርዳም ከተማ ለ1000 ያህል ተማሪዎች «ኬትዎነን» የተባለ የኮንቴይነር መኖሪያ በ2006 (በፈረንጆች) ተጠናቀቀ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው አንድ አንድ ሣጥን ነበረ። (በስምንት ሰው ክፍል የምታድሩ ወንድሞች ይህን በምሬት እንዳትሰሙት።) በሎንዶን በ2001 «ኮንቴይነር ሲቲ» ተሠራ። በደቡብ አፍሪካ ከ1994 ወዲህ በጥቁሮች ሰፈሮች የሕዝብ ስልክ ቤቶች በኮንቴይነር ተከፈቱ። ካታር ደግሞ ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በ974 ሣጥኖች ስታዲዮም ሠራች፤ ቁጥሩም የአገሪቱ የስልክ መለያ ነው። እኛን የሳበን ግን ቁጥሩ ሳይሆን ስታዲዮሙ ከመጀመሪያው ተፈትቶ እንዲነሣ ሆኖ መነደፉ ነው።

ይህም ወደ ካዛንቺስ ይመልሰናል። እንደሚታወቀው የከተማው የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ደረሰ። የድሮው ሰፈር አብዛኛው ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛወሩ። ስለ መፍረሱ መልካምነትና ክፋት ዛሬ ማታ አንከራከርም፤ ለእርሱ ሌላ ጉባኤ ይጠራ። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የድንጋዩና የጭቃው ቤት ሲፈርስ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። ኮንቴይነሩ ግን በክሬን ተነሥቶ፣ መደርደሪያው እንኳ ሳይፈታ፣ በተሳቢ ላይ ሊሄድ የሚችል ነው። ባለቤቱ ያወጣው ገንዘብ አይጠፋም። ስለዚህ በምትታደስ ከተማ ውስጥ ለትንሽ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም ብለን ነበር ይህን ጥናት የጀመርነው።

ሰዎቹን ስናነጋግር ግን የነገሩን ሌላ ወገን አየን። ስልክ ይጠግን የነበረ አንድ ወጣት ሣጥኑ ዛሬም በእጁ ነው፤ በዘመዱ ግቢ ተቀምጦ ዕቃ ማኖሪያ ሆኗል። «ብረቱን ማንሣት የአንድ ቀን ሥራ ነበረ፤ የሚያወርደኝ መሬት ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም» አለን። ንግድ ፈቃድ አድራሻ ይጠይቃል፤ አድራሻ መሬት ይጠይቃል፤ ደንበኛ ደግሞ የለመደውን ማዕዘን ይጠይቃል። ሣጥኑ ከሦስቱ አንዱንም ይዞ አይጓዝም። እንዲያውም በቀላሉ የሚነሣ መሆኑ ራሱ ባለቤቱን በቀላሉ የሚነሣ ሰው አድርጎታል። ቤት የሚፈርስበት ሰው ካሣና ምትክ ይጠይቃል፤ ሣጥኑ የተነሣበትን ሰው ግን «ንብረትህ ይኸው በእጅህ ነው» ይሉታል።

ከዚህ የተነሣ የእኛ አሳብ ከብየዳው ይልቅ ወደ ማውረጃው ቦታ አዘንብሏል። በመርከብ ንግድ ውስጥ አንድ ሣጥን የት እንደሚወርድ ሳይጻፍ ከወደብ አይነሣም። በከተማም እንዲሁ ቢደረግ ከባድ አይሆንም። አንድ ክፍለ ከተማ መንገድ ከማስፋቱ በፊት መብራትና ውሃ የገባለት፣ የዝናብ መውረጃ ቦይ ያለው፣ ሣጥኖቹ በድንጋይ ላይ ከፍ ብለው የሚቀመጡበት ሜዳ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ሰጥቶ ቢያዘጋጅ፣ ነጋዴው ዓርብ ተነሥቶ ሰኞ ሱቁን ይከፍት ነበር። ቁጥሩም አድራሻ ይሆነው ነበር። ኮንቴይነር የከተማን መልክ ያበላሻል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በተርታ ቆሞ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ፣ ሁለተኛ ጣሪያ የተሠራለትን ገና አላዩም።

ይህን አሳብ በጽሑፍ አድርገን ለክፍለ ከተማው ለማቅረብ ተስማምተናል። ነገር ግን ሥዕሉና ሒሳቡ አብሮት መሄድ አለበት፤ ይህም የሕንፃ ነዳፊዎችን፣ የምሕንድስናና የኢኮኖሚ ተማሪዎችን እጅ ይጠይቃል። የሕግ ተማሪዎችም ተነሥቶ የሚሄድ ሱቅ በሕግ ዓይን ቤት ነው ወይስ ዕቃ የሚለውን ጥያቄ ቢይዙልን ደስ ይለናል፤ እኛ ስንከራከርበት አምሽተን መልስ አላገኘንለትም። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከለገሀር ተነሥተን በቂርቆስ ያሉትን ሣጥኖች እየለካን እንዞራለን። ሜትር ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ በእጃችን ያለው አንድ ብቻ ነው።