አምባ፣ ከበባና ገበሬ
የጎጃም የመሣፍንት ጦርነት በመሐንዲስ ሚዛን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ቢቸና የሚጓዝ መንገደኛ በስተቀኙ የጮቄን ተራራ፣ በስተግራው የአባይን ገደል ይዞ ይሄዳል። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ሁለቱ ከተሞች ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ተቀምጠዋል። አባይ ግን ከደጋው አንድ ሺ ሜትር ያህል፣ በአንዳንድ ስፍራም ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ደጋውን እየቆራረጡ ወደዚህ ገደል ሲገቡ፣ በየመካከላቸው ከሁሉም ወገን የተገደሉ፣ አናታቸው ግን ጠፍጣፋ የሆኑ መሬቶችን ትተው አልፈዋል። አገሬው አምባ የሚላቸው እነዚህን ነው።

የዘመነ መሣፍንት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በጀግኖች ስም፣ በፉከራና በቀረርቶ ነው። ይህም ተገቢ ቦታ አለው። ይሁን እንጂ አንድ አምባ ለምን ለዓመታት ሳይደፈር እንደቆየ፣ ከባቢውም ለምን ተሰላችቶ እንደተመለሰ ለመረዳት የጀግንነት ወሬ ብቻ አይበቃም። ውሃውን በሜትር ኩብ፣ እህሉን በኩንታል፣ መንገዱን በአህያ ጭነት መቁጠር ያስፈልጋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይኸው ነው።

፩. አምባ ማን ሠራው?

አምባ በሰው እጅ የተሠራ ምሽግ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ንብር በንብር እየተጋደመ ረጋ። ከሥሩ የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ በአናት ላይ እንደ ክዳን ሲቀር፣ ወንዞች ዙሪያውን ቆርጠው ጎኑን ቀጥ ያለ ገደል አደረጉት። በሁለት ንብሮች መካከል የሚገኘው ስስና ውሃ አሳላፊ አፈር ደግሞ የክረምቱን ዝናብ ተቀብሎ በምንጭነት ያወጣዋል። ምንጩ በአናቱ አጠገብ ከፈለቀ አምባው ሰው ያኖራል፤ ከገደሉ ግርጌ ከፈለቀ ግን አምባው በጠላት እጅ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ የአንድ አምባ ዕድል የሚወሰነው ከገደሉ ቁመት ይልቅ በምንጩ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

የሰው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መውጫው አንድ ወይም ሁለት በር ብቻ እንዲሆን ሌላው ይዘጋል። በበሩ አናት የሚንከባለል ድንጋይ ይከመራል። የዝናብ ውሃ የሚያቁር ኩሬ ይቆፈራል፤ ጎተራ ይሠራል፤ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል።

፪. የአምባው ሒሳብ

አንድ ሺ ሰው በአምባ ላይ ለስድስት ወር ይቀመጥ ቢባል ምን ያስፈልገዋል? ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢመደብ፣ በቀን 5 ኩንታል፣ በ180 ቀን 900 ኩንታል ይሆናል። አንድ አህያ በአቀበት ላይ ግማሽ ኩንታል ቢሸከም፣ 1,800 የአህያ ጭነት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከበባው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ በር መግባት አለበት። ስለዚህ አምባ የሚይዝ መስፍን የሚዘጋጀው ጦር ሲመጣበት ሳይሆን አዝመራ ሲሰበሰብ ነው።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ለሰው በቀን 5 ሊትር ብቻ ቢፈቀድ፣ በስድስት ወር 900 ሜትር ኩብ ይሆናል። ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 25 ሜትር የሆነ ኩሬ 2 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 1,000 ሜትር ኩብ ይይዛልና በቂ ይመስላል። ነገር ግን የበጋ ፀሐይ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብታተን፣ በስድስት ወር 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ከኩሬው ይጠፋል። ስለዚህ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ተኩል ማለፍ አለበት። መቶ በቅሎ ቢጨመር ደግሞ ለሰው ከተመደበው ውሃ ግማሹን ያህል ትጠጣለች። ተከባቢ መስፍን በመጀመሪያ ከብቱን የሚያርደው ስለ ሥጋው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

፫. ብሩ ጎሹ በሶማ

በ18ኛው መቶ ዓመት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር ተከሉ። የልጃቸው የራስ ኃይሉ ዘር ጎጃምን ለረጅም ዘመን ገዛ። ከዚሁ ዘር የተወለዱት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ደጃዝማች ብሩ ጎሹ ሲሆኑ፣ አባትና ልጅ አንዳንድ ጊዜ አብረው፣ አንዳንድ ጊዜም እርስ በርሳቸው ተዋግተዋል። የዘመኑ ጠባይ ይህ ነበር። በደብረ ታቦር የተቀመጡት ራስ አሊ በስም የሁሉ የበላይ ቢሆኑም፣ ሰሜንንና ትግሬን የያዙት ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1834 ዓ.ም. እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ገሥግሠው ወግተዋቸዋል።

ጎሹ ከራስ አሊ ጋር ሲታረቁ ብሩ አልታረቀም። በምሥራቅ ጎጃም ወደ አባይ ገደል በሚያዘነብለው ምድር የሚገኘውን ሶማ አምባን ይዞ ለዓመታት ተቋቋመ። ራስ አሊ ብዙ ጦር ይዘው አባይን እየተሻገሩ ቢመላለሱም አምባውን ሊያስለቅቁት አልቻሉም። የዚህም ውጤት ከጎጃም ወሰን ያለፈ ሆነ። የራስ አሊ ዐይንና ጦር በጎጃም ላይ ተተክሎ ሳለ፣ በቋራ ቆላ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ኀይላቸውን አጠናከሩ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ጦርነት፣ ለራስ አሊ ሲዋጉ የነበሩት ደጃዝማች ጎሹ ወደቁ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ በጎጃም ምድር በአይሻል ራስ አሊ ራሳቸው ድል ሆኑ። በ1846 ዓ.ም. ካሣ በብሩ ላይ ዘመቱ፤ ሶማም ሌላውም አምባ አላዳነውም፤ ብሩ ተያዘ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ብሩ ለ14 ዓመት ያህል በሰንሰለት ታስሮ ኖረ።

እንግዲህ ሶማ ለብሩ ምን አደረገለት? ከራስ አሊ አዳነው፤ ነገር ግን አላነገሠውም። በአምባ ላይ ያለ ሰው እንዳይሸነፍ ይሆናል እንጂ ከዚያ ሆኖ አያሸንፍም። ለማሸነፍ መውረድ አለበት፤ ከወረደ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

፬. የከባቢው ሆድ

ራስ አሊስ ለምን አልቻሉም? ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የገደሉን ቁመት የሚመለከት ነው። ከዚህ የከበደው ምክንያት ግን ከገደሉ ግርጌ ይገኛል።

ሴቱን፣ አሽከሩንና ተሸካሚውን ጨምሮ ሃያ ሺ ነፍስ ያለው ጦር አምባ ከበበ ቢባል፣ በዚያው በግማሽ ኪሎ ሒሳብ በቀን 100 ኩንታል ይበላል። በዘመኑ ጦር ስንቅ የሚያመላልስ ድርጅት አልነበረውም፤ የሚበላው ከሰፈረበት አገር ነው። አንድ ገበሬ በዓመት 10 ኩንታል ቢያገባ፣ ጦሩ በየቀኑ የአሥር ቤተ ሰብ የዓመት ጉልበት ይውጣል። በሦስት ወር የዘጠኝ መቶ ቤተ ሰብ ጎተራ ባዶ ይሆናል። ዘሩም ይበላል፤ በሬውም ይታረዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ከባቢው ወደዚያው አገር ቢመለስ የሚበላው አያገኝም። ክረምት ሲገባ ደግሞ አባይ ይሞላል፤ የኋላ መንገዱ ይዘጋል፤ ካልተመለሰ በቀር ተከባቢው ራሱ ከባቢው ይሆናል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስሙ የማይነሣው የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ነው። ለአምባው ጎተራ ያስገባው እሱ ነው፤ ከበባውን የቀለበውም እሱ ነው። ወታደር በቤቱ ተመርቶ ሲሰፍርበት የማብላት ግዴታ ነበረበት። መጠጊያው ደብር ነበር። እህሉንና ዕቃውን በሞጣ ጊዮርጊስ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በደብረ ወርቅ ማርያም አደራ ያኖር ነበር። መስፍኑ በገደል ሲታመን ገበሬው በታቦት ታመነ።

፭. የጃፓን መሣፍንት

ይህ ነገር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ጃፓንም እ.ኤ.አ. ከ1467 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ መሣፍንቶቿ እርስ በርስ ሲፋጁ ኖራለች። እዚያም ንጉሠ ነገሥቱ በስም እንጂ በሥራ አልነበረም። እዚያም መስፍኑ በመጀመሪያ በተራራ አናት ላይ መሸገ። ከሁሉ ይልቅ ለማነጻጸር የሚጠቅመው ግን ከበባቸው ነው።

በኋላ ቶዮቶሚ የተባለው ሂዴዮሺ እ.ኤ.አ. በ1581 የቶቶሪን ግንብ ከመክበቡ በፊት በነጋዴዎች አማካይነት የአካባቢውን ሩዝ በውድ ዋጋ አስገዛ ይባላል፤ ተከባቢዎቹ በረኀብ እጃቸውን ሰጡ። በሚቀጥለው ዓመት የታካማትሱን ግንብ ሲከብ፣ በ12 ቀን ገደማ በተሠራ የአፈር ግድብ ወንዝ አስቀልብሶ ግንቡን በውሃ መካከል አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1590 ኦዳዋራን ለሦስት ወር ያህል ሲከብ ደግሞ ስንቁ በመርከብ ይመጣለት ነበር። ይህ ሰው አንዱንም በገደል ጀግንነት አልያዘም። የያዘው በገንዘብ፣ በአፈር ሥራና በመጓጓዣ ነው።

ልዩነቱ በጀግንነት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ጃፓን ጀልባ የሚሄድበት ባሕር፣ ገንዘብ የሚሠራበት ገበያና እህል የሚያከማች ነጋዴ ነበራት። በጎጃም ግን የኋላ መንገድ የሚባለው ክረምት የሚዘጋው የአባይ መሻገሪያ ነበር። በመጨረሻም የቶኩጋዋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1615 በአንድ ግዛት ከአንድ ግንብ በላይ እንዳይኖር አዝዞ ትርፉን አፈረሰ። ግንብ ይፈርሳል፤ አምባ ግን የሚያፈርሰው የለም። ስለዚህ በኢትዮጵያ መሣፍንቱን ለመግታት ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነበር።

፮. ድልድይና መንገድ

ያ ሌላ መንገድ ቃል በቃል መንገድ ነበር። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ክረምት ከበጋ የሚያሻግር ነበርና ነጋዴው፣ ተማሪውና ተሳላሚው ሁሉ ተጠቅሞበታል፤ ጦሩም እንዲሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱን ቅስቱን ሰበሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰባራ ድልድይ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በላዩ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የሁለቱ ዳርቻ ሰው በገመድ እየተሳሳበ ይሻገር እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የመንገድን ጥቅም የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። የአገዛዛቸው መጨረሻ ግን በአምባ ላይ ሆነ። በጎጃም ተድላ ጓሉ ሸፍቶ በጅበላ አምባ ሲመሽግ ሊያጠፉት ሳይችሉ ቀሩ። በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል መንገድ እየጠረጉ ተጓዙ። ሥራው የሚያስደንቅ የምሕንድስና ሥራ ነው፤ ግን የሚያደርሰው ወደ አንድ አምባ ብቻ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ከእስር ከተፈቱት መካከል ከሶማ አገር የመጣው ብሩ ጎሹ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ በ1880ዎቹ ዐፄ ምኒልክ ገበሬው አሥራት እንዲከፍል፣ ወታደር በቤቱ እንዳይሰፍርበት ያወጡት ሥርዐት በየስፍራው እኩል ባይሠራም፣ የድሮውን ከበባ ሥር የነካ ነበር። ጦር ከገበሬው ጎተራ መብላቱን ሲያቆም ከበባና ዝርፊያ ይለያያሉና። በ1928 ዓ.ም. በአምባ አራዶም አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ሲጥል ደግሞ የገደል ምሽግነት አበቃ። ይሁንና ልማድ ከመሣሪያ ይልቅ ዕድሜ አለው። የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር በተጋጨ ጊዜ የመሸገው በዚያው በሶማ ነበር። ሶማ እሱንም አላዳነውም፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የመሣፍንትን ጎተራ ሲሞላ የኖረው ገበሬ በዚህ ጊዜ የተሰለፈው ለማንም መስፍን ሳይሆን ለራሱ ማሳ ነበር።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ አምባን ያስከበረው ከገደሉ ይልቅ ምንጩና ጎተራው ነው። ሁለተኛ፣ ከባቢውን ያሸነፈው ከተከባቢው ይልቅ የስንቅና የመንገድ ዕጦት ነው። ሦስተኛ፣ የሁለቱንም ዕዳ የከፈለው ገበሬው ነው።

ለባለ ሙያ የሚቀረው ሥራም ከዚሁ ይወጣል። የአምባዎቹ ኩሬ፣ በርና የጎተራ ፍራሽ በካርታና በመለኪያ ተመዝግቦ ሊቀመጥ ይገባል፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ፣ ድንጋዩም ለአጥር ከተወሰደ በኋላ የሚመዘገብ አይገኝም። ምንጩ ደግሞ ዛሬም ይፈስሳል። በገደል አናት ሺ ሰው ያጠጣ የነበረ ውሃ የሚወጣበት ንብር በአካባቢው ላለች መንደርም ውሃ ሊሰጥ ይችላልና፣ የጥንቱን ምሽግ ማጥናት የታሪክ ብቻ ሳይሆን የመጠጥ ውሃም ጥናት ነው። የሞጣ ድልድይ ደግሞ አንድ ሥራ ምን ያህል ትውልድ እንደሚያገለግል፣ ሲሰበርም ምን ያህል ትውልድ እንደሚቸገር ያስተምራል።